ምዕራፍ ሰባት፦ መሮው የት ይቀመጥ?

የቶርኖ መሮን የሚያደነዝዘው እንጨት ብቻ አይደለም፤ የክፍሉ አቀማመጥም ያደነዝዘዋል። ቶርኖው በአንዱ ግድግዳ ሥር፣ ግራይንደሩ በማዶ በሩ አጠገብ ሆኖ መሃሉ ላይ ጣውላ ከተከመረ፣ ሠራተኛው መሮው መቁረጥ ትቶ መፋቅ እንደ ጀመረ እያወቀም «ይችን ብቻ ልጨርስ» ይላል። ሳህኑ ላይ ቃጫው ተቦጭቆ የሚቀረው ሻካራ ቦታ የሚፈጠረው በዚያች «ይችን ብቻ» ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ የብርጭቆ ወረቀት፣ አቧራና ብስጭት ነው። ስለዚህ ስለ መደርደሪያ ከማውራታችን በፊት ስለ እርምጃ እናውራ፤ ከቶርኖው እስከ ግራይንደሩ ስንት እርምጃ ነው?

አናጢ መላጊያውን አንዴ ከሳለ ረጅም ሰዓት ይሠራበታል። ቶርኖ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ስፋቱ 25 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳህን በደቂቃ 800 ዙር ሲሽከረከር፣ ጠርዙ ላይ በየደቂቃው ከ600 ሜትር በላይ እንጨት በስለቱ ፊት ያልፋል። ዐሥር ደቂቃ ከተሠራ ስድስት ኪሎ ሜትር አለፈ ማለት ነው። እንጨቱ የደረቀ ወይራ ከሆነ፣ ወይም ቅርፊቱ አፈርና አሸዋ ያቀፈ የአጥር ግራቪሊያ ከሆነ፣ መሮው ያን ያህል መንገድ ሳይሄድ ይደክማል። አንድ ሳህን ተጀምሮ እስኪያልቅ አራት አምስት ጊዜ መሳል የጀማሪ ምልክት አይደለም፤ የሥራው ጠባይ ነው።

ይህን ያህል መመላለስ የተቻለው ብረቱ ስለተለወጠ ነው። የድሮው መሮ የካርቦን ብረት ነበር። ግራይንደር ላይ ትንሽ ቆይቶ ጫፉ ሰማያዊ ከሆነ፣ ማለትም 300 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ከደረሰ፣ ጥንካሬው ይለቀዋል፤ የተበላሸው ጫፍ ተሞርዶ እስኪያልቅም ስለት አይዝም። እንግሊዛዊው ሮበርት መሸት እ.ኤ.አ. በ1868 ቱንግስተን የገባበትን፣ ውኃ ሳይነከር በአየር ብቻ የሚጠነክር ብረት አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1900 ደግሞ አሜሪካውያኑ ፍሬደሪክ ቴይለርና ማውንሰል ዋይት ጫፉ እስኪቀላ ቢግልም መቁረጡን የማያቆም ብረት ፓሪስ ላይ በተከፈተው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን አሳዩ። ዛሬ በሱቅ የሚሸጠው የቶርኖ መሮ በአብዛኛው የዚያ ብረት ልጅ ነው፤ ኤችኤስኤስ ይባላል። ግራይንደር ላይ ሰማያዊ ቢሆንም አይሞትም። ስለዚህ ሠራተኛው መሮውን ድንጋዩ ላይ አሳርፎ፣ በቅባት ድንጋይ ሳያባብል፣ በቀጥታ ወደ እንጨቱ ይመለሳል። ግራይንደሩ ያኔ የጥግ ዕቃ መሆኑ ቀርቶ የቶርኖው አካል ሆነ።

እኛ አገር ግን ሁለቱ ብረቶች በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ይኖራሉ። መርካቶ ቀጥቃጭ ከባሌስትራ ያወጣው መሮ አለ፤ ዘመድ ከውጭ ያመጣው ኤችኤስኤስም አለ። ባሌስትራው መጥፎ አይደለም፤ አያያዙን ይፈልጋል እንጂ። ቶሎ ቶሎ ውኃ መነከር አለበት፤ ኤችኤስኤሱ ደግሞ ግሎ ሳለ ውኃ ሲነካው ጫፉ ላይ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊያወጣ ስለሚችል በራሱ ጊዜ ቢበርድ ይሻለዋል። የባሌስትራውን እጀታ ቀይ ቀለም ቀብቶ፣ ከሌላው ለይቶ፣ የውኃው ጣሳ ካለበት ወገን ማስቀመጥ ነው መፍትሔው። ከአሮጌ ሞረድ የተሠራ መሮ ግን ቀይም ይቀባ ጥቁር ቦታ የለውም። ሞረድ የሚጠነክረው እንዲፍቅ እንጂ ምት እንዲችል አይደለም፤ ቶርኖ ላይ ድንገት ሲነከስ ይሰበራል፣ ስባሪው ወዴት እንደሚሄድም አይታወቅም።

አሁን ክፍሉን እንለካ። ብዙ ሰው ያለው ከዋናው ቤት ጀርባ ያለ ሰርቪስ ክፍል ነው፤ ሦስት በአራት ሜትር ከሆነ ዕድለኛ ነው። ቶርኖው በረጅሙ ግድግዳ በኩል ይቁም፣ መስኮት ካለ ብርሃኑ ከግራ ወይም ከፊት ይምጣ። የሚሽከረከረው ዘንግ ከፍታ ከሠራተኛው ክርን ጋር ይስተካከል፤ ዝቅ ካለ ወገብ ይከፍላል። ግራይንደሩ ከሠራተኛው ጀርባ ወይም ከቀኙ፣ ዞር ብሎ ሁለት ወይም ሦስት እርምጃ ላይ ይቀመጥ። ከዚያ ከራቀ «ይችን ብቻ» ይመለሳል። ከዚያ ከቀረበ ደግሞ ብልጭታው ፍቅፋቂው ላይ ይወርዳል፤ ከግራይንደሩ ሥር ያለው መሬት ሁልጊዜ ተጠርጎ ባዶ መሆን አለበት። አቧራ መሳቢያ ማሽን ያለው ሰውም ያንኑ ቱቦ ለእንጨትም ለግራይንደርም እንዳይጠቀም። ከብረቱ የወጣች አንዲት ፍም በከረጢቱ ሰጋቱራ ውስጥ ተደብቃ ቆይታ፣ ሰው ከተኛ በኋላ ልትነሣ ትችላለች።

ግራይንደሩ ራሱ የራሱ ትንሽ ሥርዓት ያስፈልገዋል። ዋጋ የሌለው የሚመስል አንድ ቁራጭ እንጨት እዚህ ትልቅ ሥራ ይሠራል። መሮን በአንድ ማዕዘን የሚይዘው መያዣ፣ ሙያተኞቹ ጂግ የሚሉት፣ ዘወትር ተመሳሳይ ስለት የሚሰጠው መሮው ከመያዣው የሚወጣበት ርዝመት ካልተለዋወጠ ነው። ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ፣ ለምሳሌ በ5 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ ትንሽ እንጨት ይመታል፤ መሮው ጂጉ ውስጥ ሲገባ ጫፉ ያችን እንጨት እስኪነካ ይገፋና ይጠበቃል። በቃ። ያለዚያ በየጊዜው ማዕዘኑ በጥቂቱ ይዛነፋል፣ ሠራተኛው ስለት የሚያወጣ መስሎት አዲስ ቅርጽ ሲሞርድ ይውላል፣ መሮውም ያለ ዕድሜው ያጥራል። ከግራይንደሩ በላይ ግድግዳው ላይ ማዕዘኖቹን ጽፎ መለጠፍም ይጠቅማል፤ እኔ የምመርጣቸው ለሳህን መሮ 55፣ ለዘንግ መሮ 40፣ ለመፋቂያ 75 ዲግሪ ናቸው። ሌላው ሰው ሌላ ቁጥር ይመርጥ፤ ዋናው ዛሬ የሳለበትን ነገም መድገሙ ነው።

መሮዎቹ ወደሚሰቀሉበት ቦታ ስንመጣ በመጽሔት ፎቶ ላይ የምናየው ወርክሾፕ ያሳስተናል። ከቶርኖው ጀርባ ያለው ግድግዳ ላይ መሮዎቹ በቁመታቸው ተሰልፈው፣ እጀታቸው ተወልውሎ ያብረቀርቃሉ። ያምራል፤ ግን መፍረስ ያለበት አሠራር ነው። ያንን መሮ ለማንሳት እጅ በሚሽከረከረው እንጨት ላይ ተሻግሮ መዘርጋት አለበት። ከላይ የጠቀስነው ሳህን ጠርዙ በሰዓት 38 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ የተንጠለጠለ እጅጌ ወይም የሹራብ ክር ካገኘ አይለቅም። ከዚያም በላይ የሚፈነጠር ቅርፊት ወይም የተሰነጠቀ እንጨት የሚሄደው በዚያው በሚዞርበት መስመር ነው፤ ወደ ፊትም፣ ወደ ኋላም፣ ወደ ላይም። ያ መስመር ባዶ ግድግዳ ብቻ ይየው። የመሮዎቹ ትክክለኛ ቦታ ከቶርኖው ቀኝ ጫፍ ወዲያ፣ ወይም ከሠራተኛው ጀርባ በስተቀኝ ያለ ተሽከርካሪ ጋሪ ነው።

ጋሪውን እመርጣለሁ። አራት ጎማ ያለው፣ ቁመቱ ወገብ የማይደርስ ሳጥን ነው፤ ከኮምፔንሳቶ ትርፍራፊ በአንድ ቀን ይሠራል። በላዩ 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የፒቪሲ ቱቦ በ25 ሴንቲ ሜትር ርዝመት እየተቆረጠ ይደረደራል፤ አንዱ ቱቦ ለአንድ መሮ። የቱቦው ሥር መደፈን የለበትም። ከተደፈነ በሳምንት ውስጥ ሰጋቱራ ይሞላዋል፣ ሰጋቱራው እርጥበት ይይዛል፣ መሮው ቁልቁል ከገባ ጫፉ ዝጎ ይወጣል። ቱቦው ከታች ካለው ጣውላ ጥቂት ጣት ከፍ ብሎ ቢታሰር ፍቅፋቂው በሥሩ ይወድቃል።

ጫፉ ወደ ላይ ነው ወደ ታች? ሙያተኞች በዚህ ይከራከራሉ። ጫፉ ወደ ላይ ሲሆን የትኛው መሮ እንደሆነ ወዲያው ይታያል፤ ግን ጎንበስ ብሎ የሚያነሳ ሰው የክንዱን ውስጠኛ ክፍል የሚሰጠው ለስለት ነው። በተለይ ልጆች ሳይጠበቁ ለሚገቡበት የግቢ ክፍል እኔ ጫፉ ወደ ታች ይሁን ባይ ነኝ። ያኔ የሚታየው እጀታው ብቻ ስለሆነ እጀታው ይናገር። ቶርኖ ያለው ሰው እጀታ አይገዛም፣ ይሠራል፤ ታዲያ ለሳህን መሮዎች ከወይራ፣ ለዘንግ መሮዎች ከዋንዛ፣ ለመፋቂያዎች ከጥድ ቁራጭ ቢሠራ ከሩቅ በቀለሙ ይለያል። የእጀታው መጨረሻ ላይ የሚቆረጥ ጭረትም አለ፤ አንድ ጭረት ትንሹ፣ ሁለት ጭረት መካከለኛው፣ ሦስት ጭረት ትልቁ። ዓይን እንጨቱ ላይ እያለ እጅ ዳብሶ ያውቀዋል።

መጠንን በቁጥር መጻፍ ለሚፈልግ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። እንግሊዝ ውስጥ የሳህን መሮ የሚለካው በቦዩ ስፋት ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በብረቱ ዘንግ ውፍረት። ስለዚህ እንግሊዞች ሦስት ስምንተኛ ኢንች የሚሉትን አሜሪካኖች ግማሽ ኢንች ይሉታል። አንዱን ዕቃ ከለንደን፣ ሌላውን ከዋሽንግተን ያስመጣ ሰው ሁለት መሮ ገዛሁ ብሎ አንድ ዓይነት መሮ ሁለት ጊዜ ሊገዛ ይችላል። መደርደሪያው ላይ የሚጻፈው በራስ ካሊበር የተለካው ሚሊ ሜትር ይሁን።

ከመጠኑም ከውበቱም በላይ አንድ የማይታለፍ መለያየት አለ። ለዘንግ ሥራ የሚውሉት መሮዎች ለሳህን ከሚውሉት በቦታ መራቅ አለባቸው፤ ምክንያቱ ማክበቢያ የሚባለው መሮ ነው። ይህ አራት ማዕዘን እንጨትን የጠረጴዛ እግር ወይም የእጀታ ቅርጽ ለማስያዝ መጀመሪያ የሚነሣው ሰፊ፣ ጎድጓዳ መሮ ነው። ግዙፍነቱን አይቶ ጀማሪ ሁሉ «ለትልቅ ሳህን ትልቅ መሮ» ይላል። ግን ብረቱ ወደ እጀታው የሚገባበት ጭራ ብዙ ጊዜ ጠፍጣፋና ቀጭን ነው። ዘንግ ላይ ቃጫው በርዝመት ስለሚሄድ ስለቱ እየላጠ ያልፋል። ሳህን ላይ እያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ የቃጫውን ጫፍ ወደ ስለቱ ያመጣል፤ መሮው ከመደገፊያው ርቆ የወጣ እንደሆነ ይነከስና ያ ቀጭን ጭራ ይሰበራል። የሳህን መሮ ግን ከአንድ ክብ የብረት ዘንግ የተፈለፈለ ነው፤ እስከ እጀታው ውስጥ አይቀጥንም። ማክበቢያው ከሳህን መሮዎቹ አጠገብ ከተሰካ አንድ ቀን ሐሳብ የተበተነበት እጅ ያነሳዋል። በጋሪው ማዶ ጥግ ብቻውን ይቀመጥ።

እጅ የሚደርስበት ቦታ ለስንት መሮ ይሁን? ለስድስት፤ ማክበቢያ፣ የዘንግ መሮ፣ ሰያፍ መሮ፣ መቁረጫ፣ የሳህን መሮና ክብ ጫፍ ያለው መፋቂያ። የቀረው ሁሉ ወደ መሳቢያ ይሂድ። ይህ ንፉግነት ለሚመስለው ሰው የእንግሊዝ ቺልተርን ኮረብታዎችን እጠቁማለሁ። በዚያ በቢች ዛፍ ደን ውስጥ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ቦጀር የሚባሉ ሠራተኞች ነበሩ። ጎጇቸውን ዛፉ ከወደቀበት አጠገብ ቀልሰው፣ በእግር በሚረገጥና በተወጠረ ልምጭ በሚመለስ ቶርኖ የወንበር እግር ይሠሩ ነበር፤ ሃይ ዊኮምብ ለሚባለው የወንበር ፋብሪካዎች ከተማ በብዛት ያቀረቡት እነሱ ናቸው። መሣሪያቸው በጀርባ ተሸክመው የሚሄዱት ያህል ነበር። ዛሬ ሠላሳ መሮ ሰቅሎ የትኛውን እንደሚያነሳ የሚያመነታ ሰው ከእነሱ የሚበልጠው በመሣሪያው ብዛት ብቻ ነው።

ጥቃቅኑ ዕቃ ከመሮ ይልቅ ያስቸግራል። እንጨቱን የሚነክሰው ባለ አራት መንጋጋ ማንድሪኖ የተለያየ ስፋት ያላቸው የመንጋጋ ስብስቦች አሉት። እያንዳንዱ መንጋጋ ከ1 እስከ 4 ቁጥር አለው፤ በቁጥሩ ቦታ ካልገባ እንጨቱን አጣምሞ ይይዛል። አራቱን በአንድ ጣሳ ከሌሎች አራት ጋር የጨመረ ሰው ምን እንደሚገጥመው መናገር አያስፈልግም። ለየስብስቡ አንድ ቁራጭ ጣውላ ይዘጋጅ፤ መንጋጋዎቹ በራሳቸው ብሎን ጣውላው ላይ ይታሰሩ፣ ቁጥራቸው ወደ ፊት ይሁን። ብሎኑም አይጠፋም፣ መንጋጋውም አይደባለቅም። የማንድሪኖው ቁልፍ ቦታ ማብሪያው አጠገብ ያለ ማግኔት ነው። ቁልፉ ማግኔቱ ላይ ካልታየ ማንድሪኖው ላይ ተረስቷል ማለት ነው፤ ሞተሩ ሳይነሳ የሚታወቀው ነገር ይህ ብቻ ቢሆንም በቂ ነው። ለመሮ ግን ማግኔት አልወድም። ብረቱ ማግኔት ይሆንና የግራይንደሩን ብናኝ ይለብሳል፤ ከባዱ መሮም የቶርኖው ንዝረት ቀስ በቀስ ያንሸራትተዋል።

ከቀኝ በኩል እንጨቱን የሚደግፈው ሹል ጫፍና ሌሎቹ ሾጣጣ ጭራ ያላቸው ዕቃዎች በአብዛኛው ቁጥር 2 የሚባለውን የሞርስ መጠን ይከተላሉ፤ ሰፊው ጫፉ 18 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ወፍራም እንጨት ላይ በ19 ሚሊ ሜትር ፑንታ አምስት ስድስት ቀዳዳ ከተበሳ ሁሉም ቤት አገኘ። ይህ እንጨት ከቀኝ እጅ አይራቅ። ሳህን ሲፈለፈል ያ ሹል ጫፍ አያስፈልግም፤ በቦታው ከተተወ ክርንን መውጋቱ አይቀርም፣ የሚያስቀምጡበት ቦታ ቅርብ ካልሆነ ደግሞ ማንም አያወጣውም።

ግድግዳው የሚሸከመው ጉዳይም አለ። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ ፊሸሩ ከባድ መደርደሪያ ሲጫንበት ይለቃል፤ ክብደቱ ዐምዱ ወይም ኮንክሪት ባለበት ቦታ ላይ ይረፍ። ጭቃ ቤት ከሆነ የሚይዘው ምሰሶው ነው፣ ጭቃው አይደለም። ለሁለቱም የሚስማማው ዘዴ አንድ ረጅም ጣውላ በ45 ዲግሪ በቁመቱ ሰንጥቆ ግማሹን ስለቱ ወደ ላይ አድርጎ ከምሰሶ ምሰሶ ማሰር ነው። ሌላው ግማሽ ተገልብጦ በየመደርደሪያው ጀርባ ይመታል። መደርደሪያው ሲሰቀል ሁለቱ ሰያፎች ይነካከሳሉ፤ ሲፈለግ ደግሞ ያለ ካቻቢቴ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ይሰቀላል። የመጀመሪያው አቀማመጥ የመጨረሻው ሆኖ አያውቅምና ይህ መንቀሳቀሱ ዋጋ አለው።

ክረምት ሲገባ ጠላቱ ይለወጣል። ከሐምሌ ጀምሮ ክፍሉ ይረጥባል፤ በዚያ ላይ ገና ያልደረቀ ባሕር ዛፍ የሠራ ሰው መሮውን ሳይጠርግ ካደረ ጠዋት ብረቱ ላይ ጥቁር ሰማያዊ ነጠብጣብ ያገኛል። በእንጨቱ ውስጥ ያለው ታኒን ከብረት ጋር ሲገናኝ የሚሠራው ቀለም ነው። ማታ በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ በሰም ማሸት ይበቃል።

አቧራው ከዝገትም ይከፋል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው ጥናት የእንጨት አቧራን ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጠባቸው ነገሮች ጋር መድቦታል። በየቀኑ የማይነካ ዕቃ ክፍት መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ አቧራ ማጠራቀሚያ ይሆናል፤ እሱን ባነሱ ቁጥርም አቧራው ይነሳል። በር ያለው ቁም ሳጥን ለእነዚህ ይሁን። የአፍንጫ መሸፈኛውና የፊት መከላከያው ግን ቁም ሳጥን አይገቡም፤ ከማብሪያው በላይ፣ ማሽኑን ለማብራት እጅ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ይንጠልጠሉ።

የመጨረሻው ቦታ የሚያስፈልገው መሮም መንጋጋም አይደለም፤ ጨርቅ ነው። የተልባ ዘይት ሳህን ማብሪያ ሆኖ ከብዙ ቫርኒሽ የተሻለ ነው፤ ሲደርቅ ግን ከአየር ኦክስጅን እየሳበ ሙቀት ያወጣል። ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጥግ ከተወረወረ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ይከማቻል፣ ክብሪት ሳይነካውም በሰዓታት ውስጥ ሊነድ ይችላል። ሰጋቱራ ባለበት ክፍል ይህ ቀልድ አይደለም። በሩ አጠገብ ክዳን ያለው፣ ውኃ የተሞላ የቆርቆሮ ጣሳ ይቀመጥ፤ ጨርቁ እዚያ ይግባ። ጣሳ ከሌለ ደግሞ ጨርቁ ሳይታጠፍ ውጭ የልብስ ማስጫ ገመድ ላይ ተዘርግቶ፣ ደርቆ ካርቶን እስኪመስል ድረስ ይቆይ።